የፔኒሲሊን አባት፤ የሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ አጭር የሕይወት ታሪክ

በጎጃም ደጋ ክረምቱ ጠንክሮ ሰው ሁሉ በምድጃው ዙሪያ ሲሰበሰብ፥ ትኩሳት የሚባለው እንግዳ ሳይጠራ ወደየቤቱ ይገባል። አባቶቻችን ይህን እንግዳ በልዩ ልዩ ስም ለይተውት ነበር። ከቆላ ይዘውት የሚመጡትን ወባ ወይም ንዳድ፥ ራስን እያዞረና ሰውነትን እያቃጠለ ብዙ ቀን የሚያስተኛውን ተስቦ፥ ለቀቀ ከተባለ በኋላ ተመልሶ የሚጥለውን ደግሞ ግርሻ ይሉት ነበር። ስሙን ቢለዩትም የእያንዳንዱን ፍቱን መድኃኒት የሚያገኙበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበርና፥ በሽተኛው በጠበሉ፥ በአገር መድኃኒቱና በአስታማሚው ትዕግሥት ተደግፎ ወይ ይነሣል፥ ወይ ይቀራል። ዛሬ ግን ትኩሳት የያዘው ሰው ክኒን ወይም መርፌ ይታዘዝለታል፤ ብዙ ጊዜም ይድናል። ይህ ሰፊ መንገድ የተከፈተው ሻጋታ በበቀለበት በአንድ ትንሽ ሳሕን ነው። ያንን ሳሕን አይቶ ዝም ብሎ ያልጣለው ሰው ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይባላል። ስሙ በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ሲሆን፥ ስለ መድኃኒቱ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1881 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፈቃድ ዘውድ ጭነው የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በዚያው ዓመት፥ በወርኀ ኦገስት በ6ኛው ቀን፥ ከዚህ እጅግ በራቀው በስኮትላንድ፥ በኤርሸር አውራጃ፥ ዳርቬል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ ሎክፊልድ በተባለ የእርሻ ቦታ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ተወለደ። አገሩ ደጋ፥ ነፋሱ ብርቱ፥ መሬቱም ከእህል ይልቅ ለበግ የሚስማማ ነው። የጮቄን ተራራ ግርጌ የሚያውቅ ሰው ይህን የመሰለውን አገር በሐሳቡ ለመሣል አይቸግረውም። አባቱ ሂው ፍሌሚንግ ገበሬ ነበሩ። የመጀመሪያ ሚስታቸው ስለ ሞቱባቸው በሽምግልናቸው ጊዜ ግሬስ ሞርተን የምትባል ሴት አግብተው አራት ልጆች ወለዱ፤ አሌክሳንደርም ከአራቱ ሦስተኛው ነው። አባቱ የሞቱት እርሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ እርሻውን የያዙት እናቱና ታላላቅ ወንድሞቹ ነበሩ።

ፍሌሚንግ ፊደል የቈጠረው በአካባቢው በነበረች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም ወደ ዳርቬል ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያ ጊዜ ዝናቡንና በረዶውን ታግሦ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄድና ይመለስ ነበር። ከወንድሞቹ ጋር በወንዝ ዳር ዓሣ እያጠመደ፥ በየጥሻው ጥንቸልና የወፍ ጎጆ እየፈለገ አደገ። ካደገ በኋላም፥ ሌላው የማያየውን ትንሽ ነገር ማየት የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ መስክ መሆኑን ይናገር ነበር። የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ ሁሉ ይህን ሊያስተውለው ይገባል። ከብት ሲጠብቅ ዱካ ለይቶ ማወቅ፥ ደመና አይቶ የዝናቡን ሰዓት መገመት፥ ዛሬ ያለውን ቅጠል ከትናንቱ ጋር ማስተያየት የሳይንስ የመጀመሪያው ክፍል ነው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሐኪም የነበረው ታላቅ ወንድሙ ቶማስ ወደሚኖርበት ወደ ለንደን ሄደ። እዚያም በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ከተማረ በኋላ፥ ለትምህርት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ በመርከብ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ አራት ዓመት ያህል ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ሥራው አልጣመውም፤ ግን አልተማረረም። በ1901 ዓ.ም. ከሞተ አጎቱ ውርስ ደረሰው፤ ገንዘቡ 250 ፓውንድ ነበር። ወንድሙም በዚህ ገንዘብ ሕክምና እንዲማር መከረው። ፍሌሚንግ በሃያ ዓመቱ የመግቢያውን ፈተና በከፍተኛ ማዕርግ አልፎ በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይህን የመረጠበት ምክንያት፥ አስቀድሞ በውኃ ውስጥ በሚደረግ የኳስ ጨዋታ የዚያን ትምህርት ቤት ቡድን ገጥሞት ስለ ነበረ ነው። ትምህርቱን በ1906 ዓ.ም. ሲፈጽምም በዚያው እንዲቀር ምክንያት የሆነው ሌላ ጨዋታ ነው። ፍሌሚንግ ጥሩ ዒላማ ተኳሽ ስለ ነበረ የትምህርት ቤቱ የተኳሾች ማኅበር እንዳይለቃቸው ፈልጎ በሆስፒታሉ የክትባት ክፍል ሥራ እንዲሰጠው አደረገ። እንዲህ በትንሽ ነገር ወደዚያ ቤት የገባው ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከዚያ አልወጣም።

የክትባቱን ክፍል ይመሩ የነበሩት ሰር አልምሮዝ ራይት ናቸው። እኒህ ሊቅ ስማቸው በሰፊው የታወቀው ታይፎይድ ለሚባለው፥ በአማርኛ የአንጀት ተስቦ ለምንለው በሽታ ክትባት ከሠሩት ሰዎች አንዱ በመሆናቸው ነው። የአንጀት ተስቦን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከበሽተኛ ዓይነ ምድር ወደ ውኃና ወደ ምግብ ይገባል፤ ከዚያም በሌላው ሰው አፍ ይገባና በአንጀት አልፎ ወደ ደም ይሠራጫል። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ራስ ይፈልጣል፥ ሆድ ይነፋል፥ በሽተኛው ይፈዛል። ሕክምና ካላገኘ በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንጀቱ ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ከቦዎሮች ጋር በተዋጉ ጊዜ ከጠላት ጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደር ጨርሶባቸዋል፤ ከበሽታዎቹም ዋናው ይህ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን አብዛኛው የእንግሊዝ ወታደር የተከተበ ስለ ነበረ ታይፎይድ ያን ያህል አልጎዳቸውም። ፍሌሚንግ ሥራውን የተማረው እንግዲህ ከታይፎይድ ጋር ሲታገሉ በኖሩ ሰው እጅ ነው።

በ1914 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ፍሌሚንግ ከመምህሩ ጋር ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ቡሎኝ ከተማ ዘመተ። እዚያ ያየው ነገር ዕድሜውን ሁሉ አልተለየውም። ወታደሮቹ ከጥይቱ ይልቅ ቁስሉ መግል እየቋጠረ፥ ደማቸው እየተመረዘ ያልቁ ነበር። ሐኪሞቹ ጀርሙን ለመግደል ብለው ጠንካራ መርዝ በቁስሉ ላይ ያፈሱ ነበር። ፍሌሚንግ ግን በረቂቅ መመልከቻ መርምሮ መርዙ በጥልቅ ቁስል ውስጥ የተደበቀውን ጀርም እንደማይደርስበት፥ ይልቁንም ጀርሙን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ፈጥኖ እንደሚገድል አረጋገጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲፈልገው የኖረው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ጠላትን ለይቶ የሚመታ፥ ወዳጅን የማይነካ መድኃኒት ነው። በ1915 ዓ.ም. ሣራ ማክኤልሮይ የምትባል የአየርላንድ ተወላጅ ነርስ አገባ፤ በ1924 ዓ.ም. ሮበርት የተባለ አንድ ልጅ ወለዱ።

ጦርነቱ አልቆ ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ፥ በ1921 ዓ.ም. ጉንፋን ይዞት ሳለ ከአፍንጫው የወጣውን ፈሳሽ ወስዶ ባክቴሪያ በዘራበት ሳሕን ላይ ጨመረው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲያየው ፈሳሹ በደረሰበት ቦታ ባክቴሪያው ሟሙቶ አገኘ። ይህንኑ ነገር በዕንባ፥ በምራቅና በእንቁላል ውኃ ውስጥም አገኘው፤ ሊሶዛይም ብሎም ሰየመው። ዕንባ ስላስፈለገው ሎሚ በዐይናቸው ላይ ጨምቆ እንዲያለቅሱ ለሚፈቅዱለት የቤተ ሙከራ ልጆች ጥቂት ሳንቲም ይከፍል እንደ ነበረ ይነገራል። ሊሶዛይም ከባድ በሽታ በሚያመጡት ጀርሞች ላይ ኃይል ስላልነበረው ብዙ ሰው አላደነቀውም። ፍሌሚንግን ግን ለሚመጣው ቀን አዘጋጀው፤ ባክቴሪያ በሳሕን ላይ ሲሟሟ ምን እንደሚመስል ዐይኑ ለምዶ ነበርና።

ያ ቀን በ1928 ዓ.ም. መጣ። ፍሌሚንግ ለበጋው ዕረፍት ወደ ገጠር ሲሄድ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን መግል አምጪ ባክቴሪያ የዘራባቸውን ሳሕኖች በጠረጴዛው ጥግ ቈልሎ ተወ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚሉት ክፍሉ ንጹሕና የተስተካከለ አልነበረም። በሴፕቴምበር 3 ቀን ተመልሶ ሳሕኖቹን አንድ በአንድ ሲያይ በአንደኛው ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። እንጀራችን ሲቈይ እንደሚሻግት ያለ፥ የተናቀ ሻጋታ ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ያጥበው ነበር። ፍሌሚንግ ግን በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ እየጠፋ፥ ራቅ ያለው ደግሞ እንደ ወትሮው መብቀሉን አስተዋለ። ሻጋታው ከራሱ አንድ ነገር እያወጣ ባክቴሪያውን እንደሚገድለው ገባው። ሻጋታው ከፔኒሲሊየም ወገን ስለ ሆነ ፈሳሹን በ1929 ዓ.ም. ፔኒሲሊን ብሎ ጠራው።

አሁን የፍሌሚንግን ታላቅነት የሚያሳየው ነገር ይመጣል። ያገኘውን ይዞ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ አልጮኸም። ሻጋታውን በሳሕን ላይ እያደረገ የባክቴሪያውን ዓይነት ሁሉ አንድ በአንድ ከፊቱ አቀረበለት። የመግል፥ የጉሮሮ ቁስለት፥ የሳንባ ምች፥ የዲፍቴሪያ፥ የማጅራት ገትርና የጨብጥ ባክቴሪያዎች ሞቱ። የአንጀት ተስቦ ባክቴሪያና ከአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቹ ግን ምንም ሳይሆኑ እስከ ሻጋታው ድረስ በቀሉ። ፍሌሚንግ ሁለቱንም እኩል አድርጎ በ1929 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ገለጠ። መምህሩ ዕድሜያቸውን የታገሉት ታይፎይድ በእርሱ መድኃኒት እንደማይሸነፍ አልደበቀም።

ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። ባክቴሪያ በዙሪያው እንደ ካብ ያለ ግንብ አለው። ፔኒሲሊን ይህን ግንብ ሲገነባ ድንጋዩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን ሥራ ያስቆመዋል፤ ግንቡም ይፈርስና ባክቴሪያው ፈንድቶ ይሞታል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግንብ ስለሌለው አይጎዳም። ፍሌሚንግ በቡሎኝ የተመኘው፥ ጠላትን ከወዳጅ የሚለይ መሣሪያ ይህ ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያና የሽንት ቧንቧን የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ግን ከግንቡ ውጭ ሌላ አጥር አላቸው። የፍሌሚንግ ፔኒሲሊን ያንን አጥር በሚገባ አልፎ ግንቡ ዘንድ አይደርስም።

ፍሌሚንግና ረዳቶቹ ፈሳሹን አጣርተው መድኃኒት ለማድረግ ሞከሩ፤ ሆኖም ፔኒሲሊኑ በቶሎ ስለሚበላሽ አልተሳካላቸውም። ነገሩ ዐሥር ዓመት ያህል ተረስቶ ቈየ። ከዚያ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ የተባለ የአውስትራሊያ ተወላጅ፥ ከናዚዎች ሸሽቶ ከጀርመን የመጣው ኧርንስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ የተባለ ብልኅ የላቦራቶሪ ሰው የፍሌሚንግን ጽሑፍ አንሥተው ሥራውን ቀጠሉ። በሜይ 25 ቀን 1940 ዓ.ም. ስምንት አይጦችን ገዳይ ባክቴሪያ ወጓቸው፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ። በማግሥቱ መድኃኒት ያላገኙት አራቱ ሞተው፥ ያገኙት አራቱ በሕይወት ተገኙ።

በፌብሩዋሪ 1941 ዓ.ም. መድኃኒቱ በፊቱ ከጀመረ ቁስል የተነሣ ደሙ ተመርዞ ለሞት ለቀረበ ፖሊስ ተሰጠ። በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፥ ምግብም በላ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጥቂት ነበር። ፔኒሲሊን ከሰውነት በኩላሊት በኩል በፍጥነት ስለሚወጣ የበሽተኛውን ሽንት እየሰበሰቡ በብስክሌት ወደ ቤተ ሙከራው ይወስዱና የወጣውን መድኃኒት መልሰው እያጣሩ ይሰጡት ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ አለቀ። ተዳክሞ የነበረው ባክቴሪያ እንደ ገና አንሰራራ፤ በሽተኛውም በማርች ወር ሞተ። የዚህ ሰው ሞት ለዓለም ሐኪሞች ትልቅ ትምህርት ሆነ። መድኃኒቱ እውነተኛ ነበር፥ በሽታውም የሚሸነፍ ነበር፤ የጎደለው መጠኑ ብቻ ነው።

በ1942 ዓ.ም. በኦገስት ወር ፍሌሚንግ ራሱ የማጅራት ገትር የያዘውን አንድ የቤተ ሰቡን ወዳጅ ያክም ነበር። ሌላው መድኃኒት ሁሉ እንዳልረዳው ባየ ጊዜ ፍሎሪን ለመነው፤ ፍሎሪም የነበረውን ፔኒሲሊን ሰጠው። ፍሌሚንግ መድኃኒቱን በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በአከርካሪ አጥንት ውስጥም ወጋ፤ ሰውየውም ከሞት አፋፍ ተመልሶ ዳነ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝና የአሜሪካ መንግሥታት ፋብሪካዎች ፔኒሲሊንን በብዛት መሥራት ጀመሩ። በ1944 ዓ.ም. ጦራቸው በኖርማንዲ ሲወርድ ለቁስለኞቹ የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ፍሌሚንግ የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1945 ዓ.ም. ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ከፔኒሲሊን የባለቤትነት መብት ገንዘብ አልፈለገም። ዓለም ሁሉ ሲያመሰግነው ሻጋታውን የሠራው ተፈጥሮ እንደ ሆነ፥ እርሱ ግን አገኘው እንጂ እንዳልሠራው ይመልስ ነበር።

የኖቤልን ሽልማት በተቀበለበት ጊዜ በስቶክሆልም ያደረገው ንግግር በትዕቢት ፋንታ ማስጠንቀቂያ የተሞላ ነበር። ባክቴሪያን ለመግደል በማይበቃ ጥቂት ፔኒሲሊን ደጋግሞ ቢነኩት፥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንደሚለምድ በቤተ ሙከራው አይቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ሰጠ። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ከሱቅ ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ፈቃድ ጥቂት ይወስዳል፤ ባክቴሪያውን ሳይገድለው ያለማምደዋል። ከዚያም የለመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፍና እርሷ የሳንባ ምች ይይዛታል፤ ፔኒሲሊን ቢሰጣትም አይረዳትም፥ ትሞታለች። በደሉ ያለው መድኃኒቱን በከንቱ በተጠቀመው ባሏ ላይ ነው። ይህን ሲናገር ፔኒሲሊን በሰፊው መሸጥ ገና መጀመሩ ነበር። ቼይንና ባልደረባው ኤድዋርድ አብርሃም ደግሞ ከዚያ በፊት፥ በ1940 ዓ.ም.፥ ኢ. ኮላይ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ነገር ከራሱ እንደሚያወጣ አግኝተው ነበር። ጠላት ጋሻውን የያዘው ጦሩ ሳይወረወር ነው።

ፍሌሚንግ የከፈተውን በር ይዘው ሌሎች ሊቃውንት በአፈርና በሻጋታ ውስጥ መድኃኒት መፈለግ ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. በቬኔዙዌላ፥ በካራካስ አጠገብ ከተወሰደ አፈር ክሎራምፌኒኮል ተገኘ። በተከታዩ ዓመት ሐኪሞች ይህን መድኃኒት በማላያ፥ በኳላ ላምፑር በአንድ የተስቦ ዓይነት ላይ ሊሞክሩት ሄዱ። ካከሟቸው መካከል ግን የያዛቸው የአንጀት ተስቦ ሆኖ የተገኘ ነበሩ፤ እነርሱም በጥቂት ቀን ትኩሳታቸው ወረደ። በበሽታዎቹ መመሳሰል ምክንያት የታይፎይድ መድኃኒት እንዲህ ታወቀ። ከዚያ በፊት ከዐሥር የታይፎይድ በሽተኞች አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ይሞት ነበር። የፍሌሚንግም ሻጋታ ቢሆን ከነአካቴው አልተሸነፈም። በ1957 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የቢቻም ኩባንያ ሊቃውንት የፔኒሲሊንን እምብርት ለይተው አወጡ። ከእርሱም የተሠራው አምፒሲሊን በ1961 ዓ.ም. ወጣ፤ ያንን የውጭ አጥር አልፎ የታይፎይድንና የሽንት ቧንቧን ባክቴሪያ መምታት ቻለ። በልጁ የአባት ጉድለት ተሞላ።

ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። በአንድ መንደር ውስጥ አራት ሰዎች በአንድ ሳምንት ትኩሳት ቢይዛቸው አራቱም ሰውነታቸው ይግላል፥ ራሳቸውን ያማቸዋል፥ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰና ወባ የያዘው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከወንዝ ያልፈላ ውኃ ጠጥቶ የአንጀት ተስቦ ይዞታል። ሦስተኛው ሰው በተጨናነቀበት ቤት አድሮ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ይዞታል። አራተኛዋ ደግሞ ሽንቷን ሲያቃጥላት ሰንብቶ ሕመሙ ወደ ኩላሊቷ የወጣ እናት ናት፤ ጎኗን ይወጋታል፥ ያስመልሳታል። የአራቱም መድኃኒት ለየቅል ነው። የወባው መድኃኒት ታይፎይድን አያድንም። ፔኒሲሊን ግርሻን ያድናል፤ በቅማል የሚመጣውን ሌላውን ተስቦና ታይፎይድን ግን አይነካም። የሽንት ቧንቧ ሕመምም ሽንቱ ተመርምሮ የሚመረጥ የራሱ መድኃኒት አለው።

ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ያለ ሐኪም ሲወሰድ አደጋ አለው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመቶች ሐኪሞች በአዲስ አበባ ግርሻን በጥልቅ አጥንተዋል። ያዩትም፥ በሽተኛው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በተሰጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በደም ያለው ጀርም በአንድ ጊዜ ስለሚያልቅ፥ ብርቱ ብርድ ብርድ እንደሚለው፥ ትኩሳቱ እንደሚንር፥ የደሙም ግፊት ሊወርድ እንደሚችል ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ሰዓት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ በሽተኛ በሆስፒታል ተኝቶ ሲጠበቅ ይሻላል እንጂ ከጎረቤት በተገኘ ክኒን በቤት አይታከምም።

የፍሌሚንግ ማስጠንቀቂያም ተፈጽሟል። በ1972 ዓ.ም. በሜክሲኮ ክሎራምፌኒኮልን የለመደ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ አምፒሲሊንንም ሌሎቹንም መድኃኒቶች የለመደ ባክቴሪያ በብዙ አገር ተገኝቷል። የሽንት ቧንቧን የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ ዛሬ አምፒሲሊንን ብዙ ጊዜ አይፈራውም። በእኛ አገር ለነገሩ ማባባሻ የሚሆነው ትኩሳቱ ምን እንደ ሆነ ሳይለይ መድኃኒት መግዛት፥ ሲሻል የቀረውን ክኒን ለሌላ ቀን ማስቀመጥና ለታመመ ዘመድ ማካፈል ነው። ቪዳል የሚባለው የቆየ የደም ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም፤ ቀድሞ ታሞ የዳነ ወይም የተከተበ ሰው ደም ዛሬም ታይፎይድ አለ ሊያሰኝ ይችላል። የሚሻለው ማስረጃ ከመድኃኒቱ በፊት ደም ወስዶ ባክቴሪያውን በሳሕን ላይ ማብቀል ነው። ይህ ደግሞ በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ፍሌሚንግ በየቀኑ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው።

ፍሌሚንግ በ1949 ዓ.ም. ሚስቱ ሣራ ሞተችበት። በ1953 ዓ.ም. አማልያ ኩትሱሪ የምትባል የግሪክ አገር ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ አገባ። በመጨረሻው ዘመኑ ከአገር አገር እየተጠራ ብዙ ክብር አገኘ፤ ግን ከቤተ ሙከራው አልራቀም። በማርች 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በለንደን በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። አመዱም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፥ የእንግሊዝ አገር ታላላቅ ሰዎች ባረፉበት ስፍራ ተቀበረ። በባሕርዩ ዝምተኛ፥ በንግግር ያልተባ፥ ቀልድና ጨዋታ የሚወድ ሰው እንደ ነበረ ያወቁት ሁሉ መስክረዋል።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎች የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው ማስተዋል ነው፤ ፍሌሚንግ ያየውን ሻጋታ ከእርሱ በፊት ብዙዎች አይተው ጥለውታል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ እርሱም ኃይልን ከወሰኑ ጋር ማወቅ ነው። ፍሌሚንግ መድኃኒቱ የሚገድለውን ብቻ ሳይሆን የማይገድለውንም ጻፈ፤ የሚያድነውን ብቻ ሳይሆን በግዴለሽነት ሲያዝ የሚያስከትለውንም ተናገረ። እኛም በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው አለ። ውኃ አፍልቶ መጠጣት፥ ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ልብስን በፈላ ውኃ ማጠብ፥ ትኩሳት ሲይዝ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ፥ ተመርምሮ የታዘዘውን መድኃኒት በመጠኑና በሰዓቱ እስከ ታዘዘው ቀን መፈጸም ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ለእናቱና ለአያቱ ቢያነብላቸው፥ ክኒኑ ሳያልቅ ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ቢያስረዳቸው፥ ከሩቅ የስኮትላንድ ደጋ የመጣው የገበሬ ልጅ የጀመረውን ሥራ በጎጃም ደጋ እየቀጠለ ነው ማለት ነው።